መርከቡ ሲጮህ

ፊልሙ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሕዝብ እንግሊዝኛ አይሰማም፤ በመካከል እኔ አለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር። በሲኒማ ቤታችን ላይኛው ፎቅ፣ ፕሮጀክተሮቹ በቆሙባት ጠባብ ክፍል ማይክሮፎን ይዤ እቀመጥና፣ በትንሿ መስኮት ቁልቁል ሸራውን እያየሁ ሁሉም የሚለውን በእኛ ቋንቋ እላለሁ። ጄኔራሉ ሲቆጣ የምቆጣው እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ስታለቅስ የማለቅሰው እኔ ነኝ። ውሻ ሲጮህ ብቻ አርፋለሁ፤ ውሻ በየትም አገር አንድ ነው። ሰዉ «ሰባት አፍ» ይለኝ ነበር። ስድብም ሙገሳም ይሆናል፤ እኔ ሙገሳውን ወሰድኩ።

እንግሊዝኛውን የለመድኩት ከባሕር ማዶ የመጡ ባልና ሚስት ቤት ልጅ ሳሳድግ ነው። ስለዚህ «አፍህን ጥረግ»፣ «ተኛ»፣ «አትዋሽ» የሚሉትን አሳምሬ አውቃለሁ፤ የፖለቲካ ነገር ሲመጣ ከራሴ እጨምራለሁ። እስከ ዛሬ ተታለልኩ ብሎ ገንዘቤን መልሱ ያለ የለም።

ጦርነቱ ሲመጣ አዲስ ፊልም መግባቱ ቀረ። ከነበሩን ጥቂቶች አንዱ ተቃጠለ፣ ሌላውን ሳንሱር ወሰደው፣ በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረን። የሆሊውድ ፊልም ነው፤ ጥቁርና ነጭ፤ ፍቅርና ጦርነት። ታሪኩ የሚሆነው ከአሜሪካ ርቆ ባለ የወደብ ከተማ ነው፤ የአገሩን ስም ፊልሙ ራሱ በቅጡ አይናገርም። አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ ጠላት ከመድረሱ በፊት ወደቡን እንዲያፈርስ ይላካል። አንዲት ያገሩ ልጅ ስልክ ማዞሪያ ላይ ትሠራለች። መስመር እንድትሰጠው ይደውላል፣ ድምፅዋን ይሰማል፣ በቃ፣ ሰውየው አለቀለት። ፊት ለፊት እስኪተያዩ ፊልሙ ተጋምሷል። ጠላት በር ላይ ሲደርስ እሱ በመጨረሻው መርከብ ይሄዳል፤ እሷ ግን ማዞሪያውን ትታ መሄድ አትችልም፤ ከተማው የሚደዋወለው በእሷ እጅ ነው። ወደቡ ድረስ ትሸኘዋለች። መርከቡ ይጮሃል። እሱ ከላይ ሆኖ አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ይላታል፤ ከጩኸቱ የተነሣ ምን እንዳላት አይሰማም። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

ይህን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳወራሁት እግዜር ይቁጠረው። ከወደቡ በላይ የሚታየው ሰማይ ጨርቅ ላይ የተሳለ መሆኑን፣ በቀኝ በኩል ካውያ ያልነካው እጥፋት እንዳለው ሁሉ አውቅ ነበር። የሚያዩት ሴቶች ግን ሰማዩን አያዩም። ባላቸው፣ ልጃቸው፣ ወንድማቸው ግንባር የሄደባቸው ናቸው። ማታ መብራት ማብራት ስለተከለከለ የምናሳየው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከሥራ ከነሽርጣቸው፣ ከገበያ ከነዘንቢላቸው ይመጣሉ። በዚያው ፊልም በዚያው ቦታ ያለቅሳሉ። መሐንዲሱ እንደማይመለስ እያወቁ በየጊዜው ይመለስ ይሆናል ብለው የሚያዩት ይመስለኝ ነበር።

ማሽኑን የሚያዞረው ኦፕሬተር ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ሰው ነበር። ለማሽኑ ብርሃን የሚሰጠውን የካርቦን ዘንግ የሚያቀጣጥለው፣ አንዱ የፊልም ጥቅል ሊያልቅ ሲል ሌላውን ማሽን የሚያስነሣው እሱ ነው። ስለማይናገር «አፈ ጉባኤው» ብለነው ነበር፤ ስሙን ያወጣችለት ትኬት ቆራጯ ናት። እኔ ደግሞ ዝም ያለ ሰው አይሆንልኝምና «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልኩ እነካካው ነበር። አንድ ቀን «ዝንቡ ወደ እርስዎ ይምጣ» አለኝ። የዚያን ሳምንት ድርሻውን በዚያው ጨረሰ።

እርስዎ ነበር የምንባባለው። በዚያች ጠባብ ክፍል፣ ማሽኑ እንደ ምድጃ እየጋለ፣ ክንዳችን እየተነካካ፣ ስንት ዓመት ሙሉ እርስዎ። ከታች ከሻይ ቤቱ ሻይ አምጥቶ ሲያስቀምጥልኝ «ይኸው ሻይዎ»፣ እኔም «እግዜር ይስጥልኝ»። ሌላ የለም።

እንግሊዝኛ በዚህ በኩል ሰነፍ ቋንቋ ነው። አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም አንድ ቃል ናቸው። ስለዚህ መሐንዲሱ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የሚሻገርበትን ቦታ የምወስነው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ሲሳሳሙ ላይ አደረግኩት፤ ሴቶቹ አልወደዱትም፤ እርስዎ እያለ ማን ይስማል? ወደ ኋላ ሳብኩት። በመጨረሻ ቦታውን አገኘሁት። ከተማው በቦምብ በተደበደበ ማግስት መሐንዲሱ ይደውላል፤ መስመሩ ዝም ይላል፤ እሱ «አሉ?» ይላል። መልስ የለም። «አሉ?» አሁንም የለም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አለሽ?» ይላል። በዚያች «አለሽ» አዳራሹ ሲተነፍስ ላይ ድረስ ይሰማኝ ነበር። አፈ ጉባኤውም እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ከማሽኑ ያነሣ ነበር። ወደ እኔ ነው ወይስ ወደ ግድግዳው፣ ብርሃኑ ደካማ ነውና አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር «አለሽ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረኝም። እናትና አባቴ ቀድመው አርፈዋል፤ ያሳደግኳቸው ልጆች ካገራቸው አንድ ጊዜ ፎቶ ልከው ጠፉ። የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ሁለት ወንበር ነበረኝ፤ አንዱ የእኔ ነው፣ ሌላው የልብሴ። ከሰዓቱን ሙሉ በጄኔራል፣ በሰካራም፣ በአፍቃሪ ድምፅ ስጮህ ውዬ ቤት ስገባ የራሴ ድምፅ የት እንዳለ ይጠፋኛል። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ የሚሰማው ኳ የሚለው ድምፅ ነበር የማታው ጨዋታዬ። ብቸኝነት ይከብደኝ ነበር፤ አሁን ምን አስደበቀኝ።

አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ሲሳሳሙ ላይ ማይክሮፎኑ ውስጥ አነጠስኩ። አዳራሹ ባንድ አፍ «ይማርህ» አለ፤ ከግራ በኩል ደግሞ «ይማርሽ» የሚሉ ተነሡ፤ ከፊት አንዲት እናት «ኧረ ማንኛቸው ናቸው ያነጠሱት?» ብለው ጠየቁ። ዘወር ስል አፈ ጉባኤው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይስቃል። ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። ሲስቅ ሌላ ሰው ነው።

ፊልም ደግሞ እንደ ሰው ይደክማል። የመጨረሻው ጥቅል ይበጠስ ጀመር፤ የሚበጠሰውም ሁልጊዜ መርከቡ የሚጮህበት ቦታ ላይ። በተበጠሰ ቁጥር አፈ ጉባኤው የተቀደደውን በመቀስ ያነሣና ጫፍና ጫፉን ፍቆ በማጣበቂያ ይገጥመዋል። የሚቆረጠው የጣት ያህል ነው፤ ጣት ጣት እያለ ግን መርከቡ ጩኸቱ አጠረ። መጀመሪያ ረጅም ይጮህ ስለነበር ለመሐንዲሱ ረጅም ንግግር ሰጥቼው ነበር፤ የሚለው ካልተሰማ ማን ይከለክለኛል? «ጠብቂኝ፤ ይህ ጦርነት ያልቃል፤ ሲያልቅ ወደ አንቺ ተመልሼ እመጣለሁ» ይላት ነበር። ቆይቶ «ጠብቂኝ፣ ተመልሼ እመጣለሁ» ሆነ። ከዚያ «ተመልሼ እመጣለሁ» ብቻ። አንድ ጠዋት እንደገና ተቀጥሎ ባዶ አዳራሽ ላይ ስንሞክረው «ተመልሼ» ብዬ ሳልጨርስ ሸራው ጠቆረ።

«እንግዲህ ዝም ይበላ» አልኩ ተናድጄ።

አፈ ጉባኤው እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና «መጣሁ ይበል» አለ።

«ምን ይበል?»

«መጣሁ። አጭር ናት፤ ትበቃለች።»

ሳቅኩበት። «ሻይ ሊጠጣ ነው እንዴ የሚወጣው? ሰውየው እኮ ባሕር ሊሻገር ነው።»

«ቢሆንም» አለና ወደ ማሽኑ ዞረ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ልክ ነበር። ይህች ቃላችን ጉደኛ ናት። የምትባለው በሚሄድ ሰው አፍ ነው። ባለሱቁ ሚዛኑን ትቶ ሲወጣ ይላታል፤ እናት እሳት ላይ የጣደችውን ትታ ጎረቤት ስትሄድ ትላታለች። አንድ እግሩ ገና ደፍ ላይ እያለ ሰው ሄዶ እንደተመለሰ አድርጎ «መጣሁ» ይላል፤ መሄዱን ይዘለዋል። በማግስቱ መርከቡ ሲጮህ «መጣሁ» አልኩ። ከአዳራሹ ከወትሮው የተለየ ለቅሶ መጣ። ባሏን ስትሸኝ ይህንኑ ቃል ያልሰማች ሴት አልነበረችም መሰለኝ። ሲወጡ ደረጃው ላይ እርስ በርሳቸው ይሉት ነበር፤ «መጣሁ አላት፣ አየሽ?» ይባባላሉ። አንጀቴን በሉት።

አፈ ጉባኤው ራሱም የሚያዘወትራት ቃል ናት፤ አብዛኛው ንግግሩ እሷው ነበረች። ካርቦን ሊያመጣ ሲወርድ መጣሁ፣ ለሻይ መጣሁ፣ የሲኒማ ቤቱ ጌታ ሲጠራው መጣሁ። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

ከዚያ የእሱ ተራ ደረሰ። ዕድሜው ገፋ ብሏልና አይጠሩትም ብለን ነበር፤ ጠሩት። ትኬት ቆራጯን ማሽን አያያዝ ሲያስተምራት ሰነበተ፤ እሷም እጇን እያቃጠለች ተማረች። የሚሄድበት ቀን ጠዋት ቦርሳውን ይዞ ወደ ክፍላችን ወጣ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የመጨረሻውን ጥቅል እጠመጥም ነበር። ሆን ብዬ ነው፤ ፊቴን እንዳያይብኝ። በሩ ጋ ቆመ። አንድ ነገር ይላል ብዬ መጠምጠሜን ቀስ አደረግኩ።

«መጣሁ» አለ።

«እሺ» አልኩ።

ያው ነው። ዘወር ስል ከደረጃው ላይ የጫማው ድምፅ ብቻ ቀርቶ ነበር። የብረት ደረጃ ነው፤ ረጅም ጊዜ ይሰማል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ቃል ሳላምጣት የዋልኩበት ቀን የለም። «ደህና ይሁኑ» ቢለኝ ኖሮ ልኬን አውቃለሁ፤ አብራው የምትሠራ ሴት ነኝ፣ በቃ። «ደህና ሁኚ» ቢለኝ ደግሞ ዓለምን አገኘሁ፤ «አንቺ» ብሎኛል። «መጣሁ» ውስጥ ግን እሱ ብቻ ነው ያለው። አንቺም የለችም፣ እርስዎም የሉም። እኔ የለሁበትም። የትኛዋን መጣሁ ነው ያለኝ? የሻዩን ነው የመርከቡን? የመርከቡን ከሆነ ልጠብቀው ይገባኛል፤ የሻዩን ከሆነ ማንም የማያውቃት ጅል ሴት ሆኜ የእኔ ያልሆነን ሰው እጠብቃለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሰው ቁርጡን እንዲነግረኝ እፈልግ ነበር፤ የሚነግረኝ ግን ራሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቢኖርም አይናገር።

ደብዳቤ አልመጣም። እንኳን ሊጽፍ፣ ሲናገርም እንዲያ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ወራቱ ሲበዙ ግን ስለ ዘማቾች ወደሚጠየቅበት ቢሮ ሄድኩ። ረጅም ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ አንድ ጸሐፊ፣ ከጸሐፊው ጎን አንድ ባዶ ወንበር። እኛ ጠያቂዎቹ ቆመን ነው የምንጠይቀው። ስሙን ነገርኩት።

«ምኑ ነዎት?» አለኝ።

አይ ጥያቄ። እናት፣ እህት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ አክስት፤ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው። «አብረን ነው የምንሠራው» አልኩ።

«ለቤተሰብ ብቻ ነው የምንናገረው እናቴ።»

ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ትሑት ልጅ ነው፤ ሕጉን ነው የነገረኝ። ሌላ ጊዜም ሄድኩ፤ ምኑ ነዎት አለኝ፤ ምንም ሳልል ወጣሁ። በሌላ ቀን ስመጣ ገና ከሩቅ አውቆኝ ራሱን ነቅንቆ እንቢታውን አሳየኝና፣ ደግሞ አሳዘንኩት መሰለኝ «የፊልሟ ሴትዮ እርስዎ ነዎት አይደል? እህቴ ታደንቅዎታለች» አለኝ። አንድ ነገር ብቻ አጠናሁ። ወንበሩ ለሁሉም አይሰጥም። አንዳንዱን ሰው የዘማቹን ስም ሰምቶ ወንበሩን ከባንኮኒው ኋላ አውጥቶ «ይቀመጡ» ይለዋል። የዚያ ሰው ጩኸት ከበር ውጭ ይሰማል። እኔ ሲያባርረኝ ቆሜ መመለሴን እንደ ደህና ምልክት ወሰድኩት።

በመርከቡ ጩኸት መጣሁ ማለቴን አልተውኩም። እነዚያ ሴቶች ምን በደሉኝ? ግን ባልኳት ቁጥር እየከበደችኝ ሄደች።

አንድ ከሰዓት ፊልሙ አልቆ ሴቶቹ ሲወጡ ትኬት ቆራጯ ማሽኑን አጥፍታ «ከታች አንዲት እናት ወደ ቤቴ አልሄድም ብለው ወደ እኛ ደረጃውን መውጣት ይዘዋል» አለችኝ። የብረት ደረጃው ቀስ እያለ ይንኳኳል። በየደረጃው ያርፋሉ። በመጨረሻ ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ ወፈር ያሉ፣ ዓይናቸው ገና ነገር የሚፈልግ አሮጊት በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ይኼ ነው ቤቱ?» አሉ ክፍሏን እየቃኙ። «እኔ ደግሞ ሰፊ መስሎኝ። የኦፕሬተሩ እናት ነኝ ልጄ። አስቀምጪኝ።»

ትኬት ቆራጯ ዓይኗን ጣል አደረገችብኝና ወረደች። የእሱን በርጩማ ሰጠኋቸው። እኔ ቆምኩ።

«ፊልሙን ዛሬ አየሁት» አሉ። «ሴትዮዋ መሄድ ነበረባት። ስልክ ለማን ትላለች? ግን ድምፅሽ ጥሩ ነው።»

«እማማ፣ ወሬ አለ?» አልኳቸው።

«ከቢሮ ሰው መጣብኝ። ነገ ጠዋት ሰው ይዘው ይምጡ አሉኝ።» እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። «ሰው ይዘው። ሰው የለኝም እኮ። የነበረኝ ሰው እሱ ነው፤ እሱን ይዤ አልሄድ።»

ሰባት አፍ ይሉኛል፤ አንዱም አልተከፈተም።

«አንድ ቀን እራት እየበላን ብቻውን ሳቀ» አሉ ቀጥለው። «የእኔ ልጅ ብቻውን አይስቅም፤ ከሰውም ጋር አይስቅም። ምን ነካህ ስለው ‹ዛሬ አነጠሰች› አለኝ። ማን ስለው ዝም። እኔ ደግሞ አልተውኩም፤ ጎረቤቱን ጠይቄ፣ የጎረቤቱን ልጅ ጠይቄ፣ አንቺ መሆንሽን ደረስኩበት። ታዲያ ዛሬ ሰው ይዘው ይምጡ ሲሉኝ ያቺ ያነጠሰችው ትዝ አለችኝ። እስቲ ንገሪኝ፣ ሲሄድ ምን አለሽ?»

ሆድ ይፍጀው ብዬ ለማንም ያልነገርኳትን ነገርኳቸው። «መጣሁ አለኝ።»

ሳቁ። «እሷማ ቃሉ ናት። ልጅ ሆኖ ጨው ግዛ ስለው መጣሁ ብሎ ወጥቶ ማታ ይመለስ ነበር። ጨውን ረስቶ።»

ስለዚህ የሻዩ ናት። ይህን ለመስማት ነበር ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኩት፤ እናቱ ራሳቸው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት፣ ነገሩኝ። እንባዬ እንዳይታይ ጥቅሉን ላነሣ ዞርኩ።

«ቆይ፣ የት ትሄጃለሽ?» አሉኝ። «አልጨረስኩም። እኔንስ ምን እንዳለኝ አልጠየቅሽኝም።»

«ምን አለዎት?»

«ደህና ሁኚ አለኝ። ሦስቴ ሳመኝና ‹ደህና ሁኚ እማዬ› አለኝ። ልጄ ደህና ሁኚ ብሎኝ አያውቅም። ከተወለደ ጀምሮ እኔን መጣሁ ነው የሚለኝ። ያን ቀን ደህና ሁኚ ሲለኝ እንደ እንግዳ ተሰናበተኝ፤ አልመለስም እንዳለኝ ገባኝ፤ ስቄ ሸኘሁት፣ ከዚያ ወድቄ አለቀስኩ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ደህና ሁኚ ለሰው ነው የሚባለው። መጣሁ ግን ለቤት ነው። ሰው ቤቱን ደህና ሁኚ አይልም፤ መጣሁ ብሎት ነው የሚወጣው። እዚህ መጥቶ መጣሁ ብሎሽ ከሆነ፣ ቤቱን ከእኔ ወደ አንቺ አዙሮት ነው የሄደው። ቅር አላለኝም። ትንሽ ብሎኛል።»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ በራሴ ድምፅ። ለካ የራሴ ድምፅ እንዲህ ሻካራ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቢሮው ሄድን። መንገዱ ላይ ስለ ጫማቸው፣ ስለ አስፋልቱ፣ ስለ ትኬት ቆራጯ ክብደት አወሩ፤ አፋቸውን አላሳረፉም። የልጃቸው ዝምታ ከአባቱ መሆን አለበት። ባንኮኒው ጋ ስንደርስ ወሬያቸው ተቋረጠ።

ጸሐፊው አየን። እኔን አውቆኝ ሊቆጣ ቃጣው፤ ከዚያ እናትየውን ጠየቀ። «እሳቸው ምንዎ ናቸው?»

«የእኔን አትጠይቀኝ» አሉ። «ምኑ ናት በለኝ።»

«እሺ፣ ምኑ ናቸው?»

«ባለቤቱ ናት።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ከዚህ በፊት አብረን ነው የምንሠራው ብዬዋለሁ፤ ያስታውሳል፤ ማስታወሱን ፊቱ ላይ አየሁት። ቤተሰብ ነሽ አይደለሽም ብሎ ሊጨቃጨቅ ይችል ነበር። አልተጨቃጨቀም። ዓይኑን ሰበረና ወደ ኋላ ዞሮ ወንበሩን አነሣ።

እባክህ መልሰው ልለው ነበር። ባለቤቱ አይደለሁም፣ ዋሽተው ነው፣ አባርረኝ ልለው ነበር። ወንበሩን በባንኮኒው ዞሮ አምጥቶ ፊት ለፊታችን አስቀመጠው። አንድ ወንበር፣ ሁለት ሰው።

«ይቀመጡ እማማ» አልኩ።

«አንቺ ተቀመጪ» አሉኝ። «ለአንቺ ነው ያመጣው።»

ማናችንም ሳንቀመጥ ነገረን። ወንዝ ሲሻገሩ ነው። ጓደኞቹ አንሥተው ቀብረውታል። አልተሠቃየም አለ፤ ይህን ለሁሉም እንደሚል አውቃለሁ፣ ቢሆንም አመሰገንኩት። «ነፍስ ይማር» አለ። በዚያች ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥያቄዬ መልስ አገኘሁ። ባለቤቱ ባልሆን ኖሮ ባሌ መሞቱን አይነግሩኝም ነበር። የሚስትነቴ ዕድሜ ወንበሩ ከባንኮኒው ኋላ እስኪወጣ ድረስ ነው።

እናትየው አልጮኹም። በክንዴ ላይ ከበዱ፣ ያ ብቻ።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። በውስጠኛው የእሱ አልጋ ተነጥፎ ቆይቷል፤ ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀለ አሮጌ የሥራ ካፖርቱ አለ፤ የማጣበቂያው ሽታ እስካሁን አለቀቀውም። ጎረቤቶች መጡ፣ ወንበር አመጡ፣ ውኃ አፈሉ። አንዷ ወደ ሌላዋ ጆሮ ጠጋ ብላ «ይቺ ደግሞ ምኑ ናት?» ስትል ሰማሁ። «ምራቴ ናት» አሉ እማማ ከተቀመጡበት፤ ሴትዮዋም «ነፍስ ይማር እህቴ» ብላ ጨበጠችኝ። እንዲህ አድርጎ ጨብጦኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሐዘን የሚያጽናኑት ሐዘን ያለውን ሰው ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ድረስ የራሴ የሆነ ሐዘን እንኳ አልነበረኝም።

ከሰዓቱ ደረሰ። ትኬት ቆራጯ ሰው ልካ ነበር፤ አዳራሹ ሞልቷል፣ ምን ልበላቸው ብላ። እማማ ሰሙ።

«ሂጂ» አሉኝ። «ከሥራ የመጡ ሴቶች ናቸው፤ አታስቁሚያቸው።»

«ዛሬማ አይሆንም እማማ። መርከቡ ሲጮህ ምን እላለሁ?»

«ያስተማረሽን በያ።» ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። «ሌላ ምን አለሽ? እኔ የትም አልሄድ። ይኸው ነኝ።»

ተነሣሁ። ነጠላዬን አጣፋሁና ከጎረቤቶቹ እግር መካከል እየተሻገርኩ በሩ ጋ ደረስኩ። አንድ እግሬን ደፉ ላይ አድርጌ ዘወር አልኩ። እሳቸው ከሰዎቹ ጭንቅላት በላይ እያዩኝ ነበር። ደህና ይሁኑ ሊወጣኝ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

«መጣሁ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉኝ። «እንዳትቆዪ።»